«ቆንጆ ነው» ብለው ስልኩን ያስቀምጣሉ

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ልጆቼ ድሮን ገዝተው ሰጡኝና ከዚያ ወዲህ አንድ ሐይቅ ስቀርጽ ከረምኩ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ዋሽንትም አስገብቼበታለሁ። ነገር ግን ያየው ሰው ሁሉ «ቆንጆ ነው» ይለኝና ስልኩን ያስቀምጣል። የልጅ ልጄማ 12ኛው ሰከንድ ላይ አሳለፈችው፤ ቆጥሬባታለሁ። ትረካ ልጨምርበት ብዬ ጽሑፍ አዘጋጀሁ፤ ሳነበው የመማሪያ መጽሐፍ መሰለብኝ። ድሮኑን በተሻለ ልቀይረው ወይስ ችግሩ እኔ ጋ ነው? ቪዲዮውንም ጽሑፉንም ልኬያለሁ። በነገራችን ላይ፣ መጨረሻው አካባቢ ዳር ላይ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ድሮ ተማሪዎቼን በየዓመቱ እየወሰድኩ የውሃውን ልክ በምስማር እየጫርን ምልክት የምናደርግበት ነበር። ዛሬ ውሃው ርቆት ሄዷል።

መልስ፦ መምህር፣ ድሮኑን አይቀይሩ።

ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየሁት። 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነው፤ 11 ሾቶች፣ ማለትም ሳይቆረጡ የተቀረጹ ክፍሎች፣ አሉት። ከ11ዱ ዘጠኙ አንድ ናቸው፦ ድሮኑ ከፍ ብሎ ወደፊት ይሄዳል፣ ሐይቁ ከታች ተንጣሎ ይተኛል፣ ዋሽንቱ ይነፋል። የልጅ ልጅዎ 12ኛው ሰከንድ ላይ ያሳለፈችው የቀረውን ስላወቀችው ነው። ልክም ነበረች።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። 2 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ላይ ድሮኑን ሊያሳርፉ ሲያወርዱት ቀረጻውን ማቆም የረሱ ይመስለኛል። ሣሩ በፕሮፔለሩ ነፋስ ክብ ሠርቶ ተኛ፤ ጭቃ የነካው ቦት ጫማዎ በፍሬሙ፣ በምስሉ ክልል፣ ጥግ ገባ፤ አንድ ውሻ ደንግጦ ዘለለ። አራት ሰከንድ ናት። ከቪዲዮው ሁሉ ሰው ከቅርብ የሚታይባት እሷ ብቻ ነች፤ እርስዎ ደግሞ እንደ ስሕተት ቆጥረው ውሻው ሳያርፍ ቆርጠዋታል!

የድሮን ቪዲዮ የሚሰለቸው ከፍታውን ገና ሲጀምር አውጥቶ ስለሚጨርስ ነው። ከሰማይ ማየት ብቻውን አጀብ የሚያሰኝበት ዘመን ነበር። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ናዳር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 በባሉን ወጥቶ ፎቶ ሲያነሣ ምንም ሌላ ነገር መጨመር አላስፈለገውም። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ሁሉም ሰው ከላይ የተነሣ ሐይቅ አይቷል። ስለዚህ ከፍታን ቆጥበው ይያዙት፤ የሚያወጡት ተመልካቹ «ለመሆኑ ይሄ ቦታ የት ነው? ስፋቱስ ምን ያህል ነው?» ማለት ሲጀምር ብቻ ይሁን።

ትንሽ ስሌት እንሥራ፤ የካርታ ስኬል ሲያስተምሩ ኖረዋልና አይከብድዎትም። ብዙዎቹ ትንንሽ ድሮኖች 24 ሚሊ ሜትር የሚባለውን ሰፊ ሌንስ የሚተካከል ዕይታ አላቸው። በዚህ ሌንስ ከ100 ሜትር ከፍታ ቀጥ ብለው ቁልቁል ሲያዩ የፍሬሙ ወርድ 150 ሜትር መሬት ይይዛል። የቪዲዮው ወርድ 1920 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ከሆነ፣ ትከሻው ግማሽ ሜትር የሆነ ጀልባ ቀዛፊ የሚደርሰው 6 ፒክስል ብቻ ነው። ስልክ ላይ ሰው ይሁን ጉቶ አይለይም። ወደ 10 ሜትር ሲወርዱ ያው ሰው 64 ፒክስል ይሆናል፤ ኮፍያ ማድረጉና መቅዘፊያውን በየትኛው እጁ እንደያዘ ይታያል። ፍጥነትም እንዲሁ ነው። በሰከንድ 5 ሜትር የሚበር ድሮን 100 ሜትር ላይ የቆመ ይመስላል፤ ሣር ለሣር ሲሄድ ግን ያስደነግጣል።

በቪዲዮዎ ውስጥ አንድ ጀልባ በሩቁ ሲያልፍ አየሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ቀዛፊውን አስፈቅደው በዚያች ጀልባ ብቻ አንድ ሙሉ ባትሪ ይጨርሱባት። መጀመሪያ ድሮኑን አየር ላይ አቁመው፣ ምንም ሳይነኩ ጀልባዋ ከፍሬሙ ጫፍ ገብታ በሌላው ጫፍ እስክትወጣ ይጠብቁ። የቆመ ሾት ድሮን ላይ ማንም አይሠራም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፤ ዓይን ያርፍበታል። ቀጥለው ከጎኗ እኩል ይብረሩ፤ ይህን ሲያደርጉ በእርስዎና በጀልባዋ መካከል ሸምበቆ ይኑር። ቅርቡ ሸምበቆ በፍጥነት ሲያልፍ፣ ጀልባዋ በመጠኑ ስትሄድ፣ ከኋላ ያለው ተራራ ንቅንቅ ሳይል ሲቀር ያ ጠፍጣፋ ስክሪን ጥልቀት ያገኛል። ከዚያ አናቷ ላይ ሆነው ቀጥ ብለው ቁልቁል፦ መቅዘፊያው ውሃው ላይ የሚተወው ክብ ምልክት ከሌላ ከየትም አይታይም። ሌላውን ደግሞ ከጉብታ ጀርባ ይጀምሩት፤ መጀመሪያ ድንጋይና ቁጥቋጦ ብቻ ይታይ፣ ድሮኑ ቀስ ብሎ ሲነሣ ሐይቁ ይገለጥ።

ወደኋላ እየበረሩ መግለጥም ይቻላል፤ ግን ከኋላው ዳሳሽ፣ እንቅፋት የሚለይ መሣሪያ፣ የሌለው ድሮን ከሆነ መንገዱን አስቀድመው በእግርዎ ይሂዱት። እኔ አንዱን ድሮኔን ወደኋላ ሳበር ቅርንጫፍ ላይ ሰቅዬው አንድ ከሰዓት ሙሉ መሰላል ስፈልግ ውያለሁ። ቀረጻው ደግሞ እስከ ቅርንጫፉ ድረስ እጅግ ያምር ነበር።

ውሃ ላይ ዝቅ ሲሉም ይጠንቀቁ። ከሆዱ ሥር ያለውን ዳሳሽ የሚንቀሳቀስና የሚያንጸባርቅ ውሃ ያታልለዋል፤ ስለዚህ ጥቂት ሜትር ከፍ ብለው ይያዙት። ሪሞቱ ላይ የሚያዩት የከፍታ ቁጥርም የሚለካው ከተነሡበት ቦታ እንጂ ከሥሩ ካለው መሬት አይደለም። ከሐይቁ ዳር ተነሥተው ወደ ተራራው ሲሄዱ ቁጥሩ 60 እያለ ድሮኑ ዛፍ ሊነካ ይችላል። በብዙ አገሮች ትልቁ የተፈቀደ ከፍታ 120 ሜትር ነው፤ ያሉበትን ቦታ ደንብ ሳያረጋግጡ አይነሡ።

እጅዎ ትንሽ ይቸኩላል መሰለኝ፤ ሾቶቹ ሲጀምሩና ሲያልቁ ይወዛወዛሉ። ሲኒ ሞድ የሚባለውን ዝግተኛ አበራር ይምረጡ፣ ካሜራውን አረጋግቶ የሚይዘውን የጊምባሉንም ፍጥነት ይቀንሱት። ቀረጻውን ካስጀመሩ በኋላ በልብዎ እስከ አምስት ቆጥረው ነው የሪሞቱን ዱላ የሚነኩት፤ እንቅስቃሴው ካለቀም በኋላ እስከ አምስት ቆጥረው ያቁሙ። ኤዲት ሲያደርጉ መቁረጫ ቦታ የሚያገኙት በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ትረካው። ያዘጋጁት ጽሑፍ እንዲህ ይጀምራል፦ «ሐይቁ በሸለቆው ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኝ ሲሆን፣ በዙሪያውም ልዩ ልዩ ዕፅዋት የሚበቅሉበት ከመሆኑም በላይ ለአካባቢው ኅብረተሰብ ከፍተኛ ጠቀሜታ እያበረከተ ይገኛል።» መምህር፣ ይቅር ይበሉኝና ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፉት እርስዎ አይደሉም፤ ዕድሜ ልካችንን የሰማነው ሪፖርት ነው። እኔም ሬዲዮ ላይ ተራኪ ሳለሁ ስንቱን «ሲሆን» በአንድ ትንፋሽ ጎትቻለሁ! «ሲሆን» ለጸሐፊ ይመቻል፣ ለሰሚ ግን ማብቂያው የማይታይ መንገድ ነው። ዕፅዋቱን ደግሞ እያየናቸው ነው፤ ዓይን ያየውን አፍ ሲደግመው ከሁለቱ አንዱ ሥራ ፈት ይሆናል።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያኖር ቋንቋ መሆኑ ለቪዲዮ ትረካ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። «ጀልባዋ ሸምበቆውን ጥሳ ከጭጋጉ ውስጥ ወጣች» ሲሉ ሰሚው የሚጠብቀው «ወጣች»ን ነው። እርስዎ «ጭጋጉ» ላይ ወደ ተራራው ሾት ከቆረጡ፣ «ወጣች» ተራራው ላይ ያርፋል፤ ምኑ እንደተበላሸ ባይታወቅም ጆሮና ዓይን ይጣላሉ። ግሱ ወጥቶ ካለቀ በኋላ አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆዩና ይቁረጡ። ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር ደግሞ ግማሹን ችግር ያቃልለዋል። የኔ ልማድ ከአራት ሾት በሁለቱ ላይ ብቻ መናገር ነው።

ግን ምን ይናገሩ? በደብዳቤዎ መጨረሻ «በነገራችን ላይ» ብለው ጣል ያደረጉት ድንጋይ ነው ፊልምዎ። ሌላውን ሁሉ ይተዉት።

በስልክዎ ይጀምሩ፤ ድሮኑ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። እጅዎ ድንጋዩ ላይ፣ ጣትዎ ጭረቱን ተከትሎ ሲሄድ በጣም ቀርበው ይቅረጹ። «ይህን የጫሩት ተማሪዎቼ ናቸው። ያን ጊዜ ውሃው እዚህ ነበር።» ከዚያ በኋላ ዝም ይበሉ። አሁን ድሮኑ ከድንጋዩ አጠገብ በሰው ቁመት ተነሥቶ፣ ደረቁን መሬት ይዞ ወደ ውሃው ይሂድ። ከፍ አይበል፣ አይፍጠን። ርቀቱ 60 ሜትር ቢሆን በሰከንድ 2 ሜትር እየሄደ 30 ሰከንድ ይፈጃል፤ ረዘመ ብለው እንዳያሳጥሩት፣ ተመልካቹ መቼ ይደርሳል እያለ መጠበቁን ነው የምንፈልገው። ውሃው ጋ ሲደርስ ብቻ ያንን ቆጥበው የያዙትን ከፍታ ያውጡት፦ ድንጋዩና የዛሬው ዳርቻ በአንድ ፍሬም እስኪገቡ ድረስ ቁልቁል እያዩ ቀጥ ብለው ይውጡ። እዚያ ላይ የየትኛው ዓመት ጭረት ከየትኛው በምን ያህል እንደሚበልጥ፣ ማን እንደጫረው፣ የሚያስታውሱትን አንዱን ይናገሩ።

ዋሽንቱን ያውጡት። ድሮንዎ ድምፅ አይቀዳም፤ ቢቀዳም የፕሮፔለር ጩኸት ነው። ስለዚህ ድሮኑን አሳርፈው ስልክዎን ይያዙና የእግርዎን ኮቴ ደረቅ ጭቃ ላይ፣ የመቅዘፊያውን ምት፣ ነፋሱን በሸምበቆው ውስጥ እያንዳንዳቸውን አንድ አንድ ደቂቃ ይቅዱ። ከሩቅ በሚታይ ምስል ላይ የቅርብ ድምፅ ሲገባ ምን እንደሚሆን እርስዎው ይዩት። የውሻውንም ነገር አደራ፤ አራቱን ሰከንድ ይመልሱልኝ።

ጥያቄ፦ ቀን ፀሐይ ላይ የቀረጽኩት ቪዲዮ ሲንቀሳቀስ ይቆራረጣል፤ ጠዋት የቀረጽኩት ግን ልስልስ ነው። ድሮኑ ያው፣ ኮምፒውተሩ ያው። ምን ይሆን?

መልስ፦ ሹተሩ ነው፤ ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ማለት ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚቀርጽ ሰው የሹተሩን ቁጥር የዚያን እጥፍ፣ ማለትም 1/50 ሰከንድ ቢያደርገው እንቅስቃሴው ለዓይን ይለሰልሳል። ቀን ላይ ግን አውቶማቲኩ ብርሃኑን ለመቀነስ ሹተሩን ያፈጥነዋል። የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ኤፍ 2.8፣ የካሜራው የብርሃን ስሜት (አይኤስኦ) 100 ከሆነ በጠራራ ፀሐይ 1/3200 አካባቢ ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ፍሬም እንደ ደረቅ ፎቶ ቀጥ ይልና እርስ በርሱ አይያያዝም። መድኃኒቱ ለሌንሱ ጥቁር መነጽር ማድረግ ነው፤ ኤንዲ ፊልተር ይባላል። ከ1/3200 ወደ 1/50 ለመውረድ ብርሃኑን 64 ጊዜ መቀነስ ስላለብን የሚያስፈልግህ ኤንዲ 64 ነው። ደመና ሲሆን ኤንዲ 8 ወይም 16 ይበቃል። ፊልተሩን ድሮኑ ከመብራቱ በፊት ግጠመው፤ በርቶ ሳለ ጊምባሉን በእጅ መግፋት ሞተሩን ያስጨንቀዋል። ፊልተር ከሌለህ ጠዋትና ማታ ቅረጽ፤ ጥላውም ያኔ ነው የሚረዝመው።

ጥያቄ፦ ለድሮን ቪዲዮዬ ትረካ ጽፌያለሁ፤ ግን የራሴን ድምፅ ስሰማው ያሳፍረኛል። የኮምፒውተር ድምፅ ብጠቀም ምን አለበት?

መልስ፦ የሚያሳፍርሽ ስለማታውቂው ነው። ስንናገር የራሳችንን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ስለምንሰማው ወፍሮ ይሰማናል፤ ቀረጻው ላይ ያ ውፍረት የለም። ሌላው ሰው ግን ዕድሜሽን ሙሉ የሚሰማው ያንኑ የቀረጻውን ድምፅ ነው፤ ማንም አይደነግጥም።

ማሽኑን ሞክሬዋለሁ። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል አይለይም፤ አንባቢ ነው ከዐውዱ የሚያውቀው። እኔ የሞከርኩት ማሽን ስለ አንድ የሐይቅ ዳርቻ «ዋና የተከለከለበት ቦታ» ብዬ ስሰጠው «ና»ን አጥብቆ አነበበልኝ፤ የትኛው አለቃ እንደተከለከለ እስካሁን አልገባኝም። «አለ»ንም ሰውየው ተናገረ ለማለት ሲፈለግ «ይገኛል» አድርጎ ያነበዋል።

ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ከፍተሽ ፊትሽን ወደ ልብሱ አድርገሽ ቅጂ፤ ልብሱ የክፍሉን ማስተጋባት ይውጠዋል። ማይኩን ከአፍሽ አንድ ስንዝር አርቀሽ ትንሽ ወደ ጎን አድርጊው፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» እና «ፈ» ይነፉበታል፣ «ጠ» እና «ጨ» ደግሞ ይሰነጥቁታል። ጽሑፉን ከማንበብሽ በፊት አንድ ጊዜ ለሰው እንደምታወሪ ሆነሽ በቃልሽ ተናገሪው፣ ያንንም ቅጂው። ብዙ ጊዜ ቪዲዮው ላይ የማስገባው ያንን የመጀመሪያውን ነው።