50 ፓውንዱን ተወው

ከኮምቦልቻ የጠየቅከው ወንድማችን፣ ዘመድህ ከውጭ ሲመጣ የእንጨት ደጋን ሊያመጣልህ ነው አይደል? ሲሳብ የሚጠይቀው ጉልበት 30 ፓውንድ ይሁን 50 ግራ ገብቶሃል፤ "ኋላ ለአደንም ይሆነኛል" ብለሃል። እኔ ደሴ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት በጉልበቴ ተማምኜ 50ውን አስመጣሁ። እናቴ ገና ስታየው "ጥጥ ልትነድፍበት ነው?" አለችኝ። ምነው ጥጥ በነደፍኩበት!

50 ፓውንድ ወደ 23 ኪሎ ነው። 23 ኪሎ ጤፍ መሸከም ቀላል ነው። ይሄኛውን ግን በሦስት ጣት ስበህ፣ አገጭህ ሥር አድርሰህ፣ ሳትንቀጠቀጥ ማነጣጠር አለብህ። እኔ አሥረኛው ፍላጻ ላይ ክንዴ ይርገፈገፍ ነበር። ትከሻዬ ሁለት ወር አመመኝ። የባሰው ደግሞ፣ ሲከብደኝ ሙሉ በሙሉ ሳልስብ መልቀቅ ለመድኩ። ያን ልማድ ለመተው ዓመት ፈጀብኝ። ስለዚህ ከ25 እስከ 30 ፓውንድ ይበቃሃል። "ወንድ አይደለህ እንዴ?" የሚልህን አትስማ።

ደጋኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር 28 ኢንች፣ ማለትም 71 ሳንቲ ሜትር ተስቦ የተለካ ነው። ሁለት እጅህን ዘርግተህ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ አስለካና ለ2.5 አካፍለው። የሚወጣው አንተ የምትስበው ርዝመት ነው፤ 170 ሳንቲ ከሆነ 68 ይመጣል፣ ወደ 27 ኢንች። ያኔ አንተ እጅ ላይ ከተጻፈው ትንሽ ይቀላል። ክንደ ረጅም ከሆንክ ይከብዳል።

ዘመድህ ሱቅ ሲገባ ገመዱ እንደተወጠረ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እንደ ጠመንጃ አነጣጥሮ ይየው። ገመዱ መሃል ለመሃል ካላለፈ እንጨቱ ጠሟል። ስትተኩስ ወደ ዒላማው የሚዞረውን ፊቱንም በጥፍሩ ይዳስስ። አግድም የሄደ ስንጥቅ ካገኘ፣ ፀጉር ቢያክልም ይተወው።

ደሴ ላይ ወይራ ቆርጠን እንሥራ ያሉኝ ነበሩ። ሞከርን። እርጥብ ስለነበር ሳምንት ሳይሞላው ተሰነጠቀ። ዱላ ሆኖ ቀረ፤ ዱላነቱን ግን አልክድም፣ ጥሩ ነው።

የኔ 50 ፓውንድ መጨረሻው አያምርም። አንድ ሰኞ ለባቲ ገበያ ስሄድ ገመዱን ሳልፈታ መኪና ውስጥ ተውኩት። የባቲን ሙቀት ታውቀዋለህ። ስመለስ እንጨቱ እንደጎበጠ ቀርቷል፣ ጉልበቱም ላልቷል። በኋላ አንድ ጓደኛዬ ያለ ፍላጻ ስቦ ለቀቀው። ጧ! አለና ተሰነጠቀ። ባዶውን ሲለቀቅ ፍላጻው ሊወስደው የሚገባው ኃይል ሁሉ እንጨቱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ተኩሰህ ስትጨርስ ገመዱን ፍታ፤ ባዶውን ደግሞ ማንም እንዳይለቀው።

አደኑን እርሳው ወንድሜ። ያለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ አይታደንም። ቦረና ሳይንት ፓርክ ያሉት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ደግሞ ከአገራችን ውጭ የትም የሉም። ዒላማህ የጭድ እስር ይሁን፣ ከኋላው የአፈር ግድብ ያለበት። ሰውም ከብትም የማያልፍበት ቦታ ፈልግ።

አብሽር፣ በ30ው ትደሰታለህ። ፍላጻው ለ30 ፓውንድ ከሆነ ቢያንስ ወደ 20 ግራም ይመዝን፤ የቀለለው ደጋኑን ይጎዳል። የክንድህን ልክ ጻፍልኝና የፍላጻውን ርዝመት እነግርሃለሁ።