«ዘ ሮድ»ን አንብባችሁ ሰው ላስጠላችሁ

ልጆች፣ ሰሞኑን ከእናንተ አንዱ የኮርማክ ማካርቲን «ዘ ሮድ» ጨርሶ «ሲስተር፣ የሰው ልጅ መልኩ ሲገለጥ በቃ ይኸው ነው» አለኝ። እኔም አንብቤዋለሁ፤ ከብዶኛል። በዚህ ግን አልስማማም።

ላላነበበ ባጭሩ፦ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ልብ ወለድ ነው፤ በዓመቱ ፑሊትዘር የተባለውን የአሜሪካ ሽልማት አግኝቷል። ዓለም ተቃጥላለች፤ በምን እንደሆነ ደራሲው አይነግረንም። ስም የሌላቸው አባትና ልጅ የሱፐርማርኬት ጋሪ እየገፉ በአመድ ውስጥ ወደ ደቡብ ይጓዛሉ። ሰው የሚበሉ ወሮበሎች አሉ። ወፍ የለም። እኔ ያነበብኩት እዚሁ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ቁጭ ብዬ ነው፤ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ የዓሣ ትራፊ ሲሻሙ እያየሁ። ልጁ ቁራ የሚባል ነገር አሁን ያለው መጽሐፍ ውስጥ ብቻ መሆኑን አባቱን ሲያረጋግጥ፣ ማንበቡን አቁሜ ቀና አልኩ።

ይበልጥ የያዘኝ ግን የሌባው ታሪክ ነው። ባሕሩ ጋ ከደረሱ በኋላ አንድ ሰው ንብረታቸውን ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል። አባትየው ይደርስበታል። ሽጉጥ ደቅኖ ልብሱንና ጫማውን ያስወልቀዋል፤ ራቁቱን ብርድ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ልጁ ያለቅሳል፤ እስኪመለሱ አላርፍ ይላል። ሲመለሱ ሰውየው የለም። ልብሱን መንገድ ላይ ትተውለት ይሄዳሉ። አባትየው ክፉ አይደለም። ፍርሃት ዓለሙን አጥብቦ አንድ ልጅ ብቻ አስቀረለት እንጂ። እኔም ልጆች አሳድጌያለሁና አልፈርድበትም።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ቆረም መጠለያ ነርስ ነበርኩ። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ጠዋት ሬሳ እናነሳለን። ምግቡ ለሁሉም ስለማይበቃ ሕፃናቱን እየመዘንን እንመርጥ ነበር። መቐለ የነበረችው የቀይ መስቀሏ ነርስ ክሌር በርትሺንገርም ይህ ምርጫ ለዓመታት እንደከበዳት ተናግራለች። እረዳታለሁ።

እዚያ ስርቆት አልነበረም አልልም። ነበር፣ ድብድብም ነበር። ግን እናቱ የሞተችበትን ሕፃን አጠገቡ ያለችው ሴት አንስታ ከልጇ ጋር በነጠላዋ ስትጠቀልለውም አይቻለሁ። የልጇ ድርሻ እንደሚቀንስ ታውቃለች። ማንም አላዘዛትም፤ እኛም አላመሰገንናትም፣ ጊዜ የት አለና! ማካርቲ እንዲህ ያሉትን ሰዎች እስከ መጨረሻዎቹ ገጾች ይደብቅብናል። ልጁን የሚወስደው ቤተሰብ ብቅ የሚለው አባትየው ከሞተ በኋላ ነው። (መጨረሻውን አወጣሁባችሁ፤ ይቅርታ።) ለልብ ወለድ ያምራል። የሰው ልጅ እንዲህ ነው ለማለት ግን አይበቃም።

ስለዚህ ጨለማ መጽሐፍ አትሽሹ፤ ብቻ ሌሊት ለብቻችሁ አታንብቡት። «አገሩ አበቃለት» የሚል ሰው ስትሰሙ ደግሞ ወሬውን ተዉትና ቀጥሎ የሚያደርገውን እዩ። ብዙውን ጊዜ በሩን ይዘጋል፤ ዘመድ ጎረቤት መጠየቅ ያቆማል። ከዚያ «እኔ እውነታውን ነው የማየው» ይላችኋል። እንዲህ ያለው ስሜት ሲመጣባችሁ ከቤታችሁ ውጭ ላለ ሰው አንድ ነገር አድርጉ። እኔ ነርስ ስለሆንኩ ደም ለግሱ እላለሁ፤ በየሦስት ወሩ ይቻላል፣ ለማን እንደሚደርስም አታውቁም። ሌላው ሌላ መንገድ ያውቅ ይሆናል።

የማትስማሙ ካላችሁ ኑና እንከራከር፤ በተለይ በአባትየው ወገን የምትቆሙ።