የሌለ እጅ እንዴት ያማል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ባለቤቴ እንጨት ቤት ሲሠራ የመሰንጠቂያ ማሽን ቀኝ እጁን ቆረጠው። ስምንት ወር ሆነው፤ ቁስሉም ድኗል። ሌሊት ግን «ጣቶቼ ተጨብጠው አልፈታ አሉኝ» እያለ ያለቅሳል። ለሰው እንዳልናገር አስምሎኛል። እናቱ «እጁ ተጨብጦ ስለተቀበረ ነው፤ ይውጣና ይዘርጋ» ይላሉ። ጓደኛው የሰጠውን ትራማዶል የሚባል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ይውጣል፤ አሁን በቀን አራት አምስት ደርሷል። አሜሪካ ውስጥ የሚዳስስ ሰው ሠራሽ እጅ እንደተሠራ ሰማሁ። ቤታችንን ሸጠን ልውሰደው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የጠየቁኝ ስለ ሰው ሠራሹ እጅ ነው። ያስጨነቀዎት ግን «ባሌ ሊያብድብኝ ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል። አያብዱም። እጅ ወይም እግር ከተቆረጠባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሌለው አካላቸው ያማቸዋል። ከእጃቸው ወደ አንጎል መልእክት ያደርሱ የነበሩት ነርቮች ዛሬም ክንዳቸው ውስጥ አሉ። አንጎላቸውም የእጁን ቦታ አልሰረዘም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም።

አሁን ወደ መቃብሩ ልምጣ። ይህን ነገር ብዙ ቤተሰብ ስለሚያምነው ዝም ብዬ አላልፈውም። ለዚህም ያ የሰሙት የአሜሪካ ሥራ መልስ አለው። ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ በኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ደስቲን ታይለር የሚባሉ መሐንዲስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ክንድ ውስጥ በቀሩት ነርቮች ዙሪያ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምት የሚያስተላልፍ ትንሽ መሣሪያ፣ ያስቀምጣሉ። ሰው ሠራሹ እጅ ዕቃ ሲነካ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ወደ ነርቩ ይሄዳል። ምቱ አንድ ዓይነት ሲሆን እንደደነዘዘ እጅ ይነዝራል። ምቱን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ግን ሰውየው እንደ ንክኪ ይሰማዋል። የሚሰማውም ክንዱ ላይ ሳይሆን በሌለው ጣቱ ላይ ነው።

ጥናቱ በ2014 (እንደ አውሮፓውያን) ሲታተም ከተሳታፊዎቹ አንዱ እንደ ባለቤትዎ በሥራ ላይ አደጋ ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ነበር። እሱም የተጨበጠ እጁን ማሰሪያ ብረት የሚጨፈልቀው ይመስለው ነበር። ነርቩ በምት ሲነቃቃ ሕመሙ ከሞላ ጎደል ለቀቀው። ልብ ይበሉ፤ መቃብር የቆፈረ የለም። የተነካው ክንዱ ውስጥ ያለው ነርቭ ብቻ ነው። ለእናታቸው ይህን ረጋ ብለው ይንገሯቸው። የልጃቸው ሥቃይ አንጀታቸውን በልቷቸው ነው እንጂ ክፋት የለባቸውም። ግን እጁ አይውጣ። ቆፍራችሁ ካወጣችሁት በኋላ ሕመሙ ካልቆመ፣ ባለቤትዎ «እንግዲህ መድኃኒት የለኝም» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ቤቱን አይሽጡ። ያ እጅ በጥናት ላይ ያለ ነው፤ ሄደው ከፍለው የሚያስገጥሙት አይደለም።

ትራማዶሉ ግን አናዶኛል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ከጓደኛ ኪስ፣ በየወሩ እየጨመረ! ሰውነት ይለምደዋል፤ ከዚያ ያለ እሱ መተኛት አይቻልም። መጠኑ ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ከአልኮል ጋር ሲሆን ደግሞ ትንፋሽ ያቀዛቅዛል። ሌሊት ቢቀሰቅሷቸው ካልነቁ ወይም ትንፋሻቸው ከተቆራረጠ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ያድርሷቸው። በራስዎም በአንድ ጊዜ እንዳያስቆሟቸው፤ ላብ፣ ተቅማጥና እረፍት ማጣት ይከተላል። ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስላቸዋል። ለነርቭ ሕመም የሚሰጡ ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ። ስምንት ወር መቆየት አልነበረባችሁም፤ በዚህ ሳምንት ሂዱ።

ሲሄዱ ሐኪሙ የተቆረጠበትን ጫፍ በጣቱ ነጥብ በነጥብ ይጫንላቸው። አንድ ነጥብ ሲነካ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ከሆነ የነርቩ ጫፍ አብጦ ሊሆን ስለሚችል ራሱን የቻለ ሕክምና አለው። እዚያው ባሕር ዳር የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። ተራው ሰው ሠራሽ እጅ ባይዳስስም ብዙ ሥራ ያቀላል።

እስከዚያው መስታወት ይሞክሩ። ትልቅ መስታወት ጠረጴዛ ላይ ያቁሙና የተቆረጠው ክንድ ከጀርባው ይሁን። ግራ እጃቸውን ከፊቱ አድርገው መስታወቱን እያዩ ቀስ ብለው ይጨብጡ፣ ይዘርጉ። ቀኝ እጃቸው የተዘረጋ ይመስላቸዋል። በቀን ሩብ ሰዓት ያህል፣ ለጥቂት ሳምንታት። ሁሉንም ሰው አይረዳም፤ የረዳቸው ግን አሉ። ሕመሙን ካባሰባቸው ይተዉትና ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ይንገሩ።