ያልተዘመረላቸው የቤዝቦል ኮከቦችና የ2026 የኮሌጅ ፉትቦል ግምት፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ቤዝቦልና ስለ ኮሌጅ ፉትቦል የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እንደሚከተለው መልሻለሁ። ቤዝቦሉ ይቅደም።

ጥያቄ፦ በቤዝቦል ታሪክ የሚገባውን ክብር ያላገኘ አንድ ሰው ጥራ ብትባል ማንን ትጠራለህ? አንድ ብቻ!

ሉ ዊትከርን። ለአፍታም አላመነታም።

ዊትከር ከ1977 እስከ 1995 ድረስ ለዲትሮይት ታይገርስ ብቻ የተጫወተ የሰከንድ ቤዝ (የሁለተኛው መቆሚያ) ተከላካይ ነው። በ1978 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ፣ በ1984 ከቡድኑ ጋር የወርልድ ሲሪየስን (የዓመቱን ፍጻሜ) ዋንጫ አነሳ። 2,369 ሂት (መትቶ ቤዝ የደረሰበት ምት) እና 244 ሆምረን (ከሜዳው አጥር በላይ የሚያልፍ ምት) አለው፤ ሦስት ጊዜ ጎልድ ግላቭ (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት) አግኝቷል። እንዲህ ያለ ሰው በ2001 ስሙ ለሆል ኦፍ ፌም (ኩፐርስታውን ላለው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ) ሲቀርብ ድምፅ ከሰጡት 515 ጋዜጠኞች የመረጡት 15 ብቻ ነበሩ። 2.9 በመቶ ማለት ነው። ከ5 በመቶ በታች ያገኘ ደግሞ ስሙ ይሰረዛል፣ በሚቀጥለው ዓመት አይቀርብም። በአንድ ቀን ቆጠራ የ19 ዓመት ሥራው ተዘጋ።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ የጓደኛው ነገር ነው። አለን ትራሜል ከጎኑ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ) ሆኖ ነው የተጫወተው። ሁለቱ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ያደረጉት በአንድ ቀን፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1977 በቦስተኑ ፌንዌይ ፓርክ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከ1,900 በላይ ጨዋታ አብረው ተሰልፈዋል። ትራሜል በ2018 የታለፉትን ዳግም በሚያይ ኮሚቴ በኩል ሆል ኦፍ ፌም ገባ፣ ይገባዋልም። ዊትከር ግን በ2019 መጨረሻ ያው የኮሚቴ በር ሲከፈትለት ከ16 ድምፅ 6 ብቻ አገኘ፤ የሚያስፈልገው 12 ነበር።

ለምን ተረሳ ካላችሁኝ፣ ዋናው ምክንያት ጎበዝ የሆነበት ነገር በዘመኑ የማይቆጠር መሆኑ ነው። የእሱ ሀብት ዓይኑ ነበር። መጥፎ ኳስ አይነካም፤ ጠብቆ፣ ፒቸሩን (ወርዋሪውን) አድክሞ በዎክ (አራት መጥፎ ኳስ ሲወረወርለት በነፃ) ቤዝ ላይ ይወጣል። 1,197 ዎክ አለው፣ ስትራይክአውቱ (ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት የወጣበት) ደግሞ 1,099 ነው። ዎኩ ከስትራይክአውቱ የሚበልጥ ሰው ዛሬ ቢገኝ ቡድኖች ይሻሙበታል። ያኔ ግን ጋዜጣው የሚያትመው የመምታት አማካዩን (ከሙከራው ስንቱን ሂት እንዳደረገ) ብቻ ነበር፣ የእሱም .276 ስለሆነ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። በዚያ ላይ ዝምተኛ ነው፤ ጋዜጠኛ ከቦ የሚያወራው ዓይነት ሰው አልነበረም።

ስለ እሱ አንድ የምወደውን ነገር ልጨምር። በ1985 ለኦል ስታር (የሊጎቹ ኮከቦች) ጨዋታ ሚኒያፖሊስ ሲሄድ የመለያ ቦርሳውን መኪናው ውስጥ ረስቶት መጣ። ምን ይሁን? ለተመልካች ከሚሸጡት የታይገርስ ሹራቦች አንዱ መጣለትና ጀርባው ላይ 1 ቁጥር በማርከር ተጽፎበት፣ እሱን ለብሶ ገባ። ያ ሹራብ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። ሹራቡ ሙዚየም ገብቷል፣ ባለቤቱ ኩፐርስታውን አልገባም።

ጥያቄ፦ አሁን ከሚጫወቱትስ? ሁሉም ሰው ኦታኒና ጃጅ ብቻ ነው የሚያወራው።

የሎስ አንጀለሱ ኦታኒና የኒው ዮርኩ ጃጅ የሚወራላቸው ስለሚገባቸው ነው፤ በዚህ አልከራከርም። እኔ ግን የክሊቭላንዱን ሆሴ ራሚሬዝን እዩልኝ እላለሁ። በ2009 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ50,000 ዶላር ነው የፈረመው። በግራም በቀኝም ይመታል፣ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ይከላከላል፣ ቤዝ ይሰርቃል (ኳስ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ይሮጣል)። በ2024 39 ሆምረን መታ፣ 41 ቤዝ ሰረቀ፣ 39 ደብልም (ሁለት ቤዝ የሚያስኬድ ምት) ነበረው። አንድ ሆምረን ቢጨምር በታሪክ ጥቂቶች ብቻ የደረሱበት 40 በ40 (40 ሆምረንና 40 ስርቆት) ውስጥ ይገባ ነበር። የመጨረሻው የሂዩስተን ጨዋታ በዝናብ ተሰረዘና እዚያው 39 ላይ ቀረ።

ኒው ዮርክ ወይም ሎስ አንጀለስ ቢሆን ኖሮ ያ የተሰረዘ ጨዋታ ሳምንት ሙሉ ይወራለት ነበር። ክሊቭላንድ ስለሆነ በማግስቱ ተረሳ። እሱ ደግሞ በ2022 ገበያ ላይ ቢወጣ የሚያገኘውን ትልቅ ገንዘብ ትቶ እዚያው ለመቆየት የፈረመ ሰው ነው። ሲመታ ሳይሆን ሲሮጥ ተመልከቱት። አንድ ቤዝ የሚበቃ የሚመስለውን ሂት ሁለት ቤዝ ያደርገዋል፤ የራስ ቆቡም ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ስታን ሙዚያልን ያልተዘመረለት ትላለህ? ሐውልት ያለው ሰው እኮ ነው!

ለካርዲናልስ በተጫወተባት ሴንት ሉዊስ ውስጥ ሐውልት አለው፣ እውነት ነው። ከሴንት ሉዊስ ሲወጣ ግን ስሙ ከዘመኑ ኮከቦች ከቴድ ዊሊያምስና ከጆ ዲማጂዮ ኋላ ነው የሚጠራው። በ1999 ሕዝብ የክፍለ ዘመኑን ቡድን ሲመርጥ ሙዚያልን ሳያስገባው ቀረ፤ በኋላ ኮሚቴ ነው የጨመረው። 3,630 ሂት ያለው፣ ሦስት ጊዜ ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) የሆነ ሰው! ከሂቶቹ 1,815ቱ በሜዳው፣ 1,815ቱ ከሜዳው ውጭ ናቸው። እኩል በእኩል። ወጥነት ማለት ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ ሊትል ሊግ (የልጆች ቤዝቦል) ይጫወታል። ትምህርት ቤት ስለ ጃኪ ሮቢንሰን ተምሮ መጥቶ “ከሱ በኋላስ ማን መጣ?” አለኝ። ምን ልበለው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ ልጅሽ ትልቅ ጥያቄ ነው የጠየቀው። መልሱ ላሪ ዶቢ ነው።

ሮቢንሰን፣ በዘመናዊው ዋና ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች፣ ኤፕሪል 15 ቀን 1947 በናሽናል ሊግ (ከሁለቱ ዋና ሊጎች በአንዱ) ጀመረ። ዶቢ ከ11 ሳምንት በኋላ፣ ጁላይ 5፣ በክሊቭላንድ ማሊያ የአሜሪካን ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። ሮቢንሰን ቀደም ብሎ አንድ ዓመት ሞንትሪያል በታችኛው ሊግ ተለማምዷል፤ ዶቢ ግን ከጥቁሮች ሊግ፣ ከኒውአርክ ኢግልስ፣ በቀጥታ ነው የገባው። በደረሰበት ከተማ ሁሉ ያው ስድብ፣ ያው የተለየ ሆቴል ጠብቆታል። ሁለተኛ በመሆኑ መከራው አልቀነሰለትም፣ ዝናው ነው የቀነሰው። ሮቢንሰን በ1962 ሆል ኦፍ ፌም ሲገባ ዶቢ እስከ 1998 ጠበቀ። በ1978 የቺካጎ ዋይት ሶክስ አሰልጣኝ ሲሆንም በሊጉ ሁለተኛው ጥቁር አሰልጣኝ ነበር።

ለልጅሽ አንድ ፎቶ ፈልገሽ አሳዪው። የ1948 ወርልድ ሲሪየስ አራተኛ ጨዋታ ነው። ዶቢ ሆምረን መትቷል፣ ነጩ ፒቸር ስቲቭ ግሮሜክ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ወርውሯል፣ ክሊቭላንድ 2 ለ 1 አሸንፏል። በመልበሻ ክፍሉ ሁለቱ ተቃቅፈው ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ይስቃሉ። በ1948 አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ፎቶ በጋዜጣ መውጣቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሲያድግ ደግሞ ስለ ጥቁሮች ሊጉ ኮከብ ስለ ኦስካር ቻርለስተን ንገሪው። በ2024 የጥቁሮች ሊግ ቁጥሮች ከዋናው ሊግ መዝገብ ጋር ሲቀላቀሉ ጆሽ ጊብሰን በ.372 የምንጊዜም የአማካይ መሪ ሆነ፣ ሁሉም ስለሱ ጻፈ። ቻርለስተን እዚያው ከላይ ተቀምጦ ሳለ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ጥያቄ፦ ወደ ኮሌጅ ፉትቦል እንምጣ። ባለፈው ዓመት ኢንዲያና ዋንጫ ይወስዳል ያለ ባለሙያ አልነበረም። ታዲያ ግምት ምን ዋጋ አለው?

ዋጋ አለው፣ ግምቱ በስም ላይ ካልቆመ። የ2025 ውድድር ሲጀመር በኤፒ (የጋዜጠኞች ድምፅ) ደረጃ አንደኛ ቴክሳስ፣ ሁለተኛ ፔን ስቴት፣ ሃያኛ ኢንዲያና ነበሩ። ቴክሳስ ከ12ቱ የፕሌይኦፍ (ለዋንጫው የሚፋለሙ) ቡድኖች ውስጥ አልገባም። ፔን ስቴት በኦክቶበር አሰልጣኙን አባረረ። በታሪኩ ከ700 ጊዜ በላይ የተሸነፈው ኢንዲያና 16 ጊዜ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ጨረሰ፤ ማያሚን በገዛ ከተማው 27 ለ 21 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ያንን የመሰለ 16 ድል ያለ ሽንፈት ከ1894ቱ የዬል ቡድን ወዲህ አልታየም።

የቴክሳስ ውድቀት ግን በወረቀት ላይ ይነበብ ነበር። ከ2024ቱ አምስት የፊት መስመር ቋሚ ተሰላፊዎች (ወርዋሪውን ከሚጠብቁት) አራቱ ሄደዋል። አዲሱ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ወርዋሪ) አርች ማኒንግ ነበር፤ የታዋቂ ኳርተርባኮች ቤተሰቡ ስም ግን ተከላካይ አይገፋለትም። የመጀመሪያውን ጨዋታ በኦሃዮ ስቴት 14 ለ 7 ተሸነፉ። ኢንዲያናን ደግሞ ተመልከቱ፦ ከርት ሲግኔቲ በ2023 መጨረሻ ከጄምስ ማዲሰን ሲመጣ የሚያውቃቸውን ተጫዋቾች ይዞ መጣ። ከካሊፎርኒያ በፖርታል (በተጫዋቾች ዝውውር) የመጣው ኳርተርባክ ፈርናንዶ ሜንዶዛ በትልቅ ሊግ በቋሚነት የተሰለፈ ልጅ ነበር። በፍጻሜው አራተኛ ሩብ፣ በፎርዝ ዳውን (በአራተኛውና በመጨረሻው ሙከራ)፣ ራሱ ይዞ ሮጦ፣ እየተመታ መስመሩን ያለፈበትን ደግማችሁ እዩት። ኳሱን እንዲይዝ የተመረጠለት ጨዋታ ነው፤ አሰልጣኙ ፊልድ ጎል (በእግር ተመትቶ የሚገኝ ሦስት ነጥብ) እያለው በልጁ ላይ ተማመነ።

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው ከባለፈው ዓመት የፊት መስመር ስንቱ እንደተመለሰ ነው። ቀጥሎ ኳርተርባኩ ከዚህ በፊት በቋሚነት ተሰልፎ ያውቃል ወይ እላለሁ። የአምስት ኮከብ (ከፍተኛ ደረጃ የተሰጠው) ምልምል ብዛት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ቫንደርቢልት አላባማን ያሸነፈ ጊዜስ? እሱም በወረቀት ይነበብ ነበር?

ያ አይነበብም ነበር! ኦክቶበር 5 ቀን 2024፣ አላባማ አንደኛ ደረጃ ላይ ሆኖ ናሽቪል መጥቶ 40 ለ 35 ተሸነፈ፤ ቫንደርቢልት ከ1984 ወዲህ አሸንፎት አያውቅም ነበር። ሆኖም እንዴት እንደሆነ ማየት ይቻላል። ቫንደርቢልት ኳሱን 42 ደቂቃ ያህል ይዞታል። ጨዋታው በጠቅላላው 60 ደቂቃ ነው። የአላባማ ምርጥ ልጆች ከመስመር ውጭ ቆመው ተመለከቱ። ደካማ ቡድን ጠንካራውን የሚጥልበት መንገድ ይሄ ነው፦ ሰዓቱን መብላት። ተማሪዎቹ የጎሉን ብረት ነቅለው በከተማው መሃል ተሸክመው ከምበርላንድ ወንዝ ውስጥ ጣሉት።

ጥያቄ፦ አሽተን ጄንቲ የ2024ቱን ሃይዝማን (የኮሌጅ ፉትቦል የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) ተቀምቷል?

ተቀምቷል አልልም። ያሸነፈው ትራቪስ ሀንተር በማጥቃትም በመከላከልም ሙሉ ጨዋታ መጫወቱ በዘመናችን ያልታየ ነው። ጄንቲ ግን የሚጫወተው ከትልቆቹ ሊጎች ውጭ ላለው ለቦይዚ ስቴት ባይሆን ኖሮ ድምፁ ይበልጥ ይቀራረብ ነበር። በዚያ ዓመት 2,601 ያርድ ሮጧል፤ ከፊቱ ያለው የ1988ቱ ባሪ ሳንደርስ ብቻ ነው፣ 2,628። ሳንደርስ ይህን በ11 ጨዋታ እንዳደረገው ግን መዘንጋት የለበትም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የእግር ኳስ ሰው ነኝ። የልጅ ልጄ ኦሃዮ ስቴት ይማራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው እንዳይ ይፈልጋል። ምኑን ልየው? (ከኮለምበስ)

አባቴ፣ ደስ ይላል፤ ከእሱ ጋር መቀመጥዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሕጉ ሲያዩት ይገባዎታል፦ አጥቂው ቡድን አሥር ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው፤ ከሄደ እንደገና አራት ያገኛል። ሁሉም ሰው ኳሱን ነው የሚያየው። እርስዎ ግን ኳሱ ሲነሳ ፊት ያሉትን አምስት ግዙፍ ልጆች ይዩ። እነሱ ወደፊት ከገፉ ቡድኑ ይሄዳል፣ ወደኋላ ከተገፉ ኳርተርባኩ ማንም ይሁን ማን ይወድቃል። እንደ ቤት ማገር ናቸው፤ እንግዳ አያያቸውም፣ ቤቱን ግን የያዙት እነሱ ናቸው። ይህን ለልጅ ልጅዎ ሲነግሩት ይገረማል።

ከዚያ ኳስ ተቀባዩን ቁጥር 4ን፣ ጀረማያ ስሚዝን ይዩ። ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለ፣ በጃንዋሪ 2025 የኖተርዳም ፍጻሜ፣ ቡድኑ በሦስተኛ ሙከራ 11 ያርድ ሲቀረው ረጅሟን ኳስ የያዘው እሱ ነው። 56 ያርድ ሄደ፣ ጨዋታው እዚያ ላይ አለቀ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ይቁረጥልን። 2026ን ማን ይወስዳል?

ኦሃዮ ስቴት። ስሚዝ አለ፣ ኳርተርባኩ ጁሊያን ሴይን ሙሉ ዓመት በቋሚነት ተሰልፎ ተመልሷል። ሁለቱ አብረው ሁለተኛ ዓመታቸው ነው፤ ከላይ ያልኩት ሁለተኛው መለኪያ እነሱ ላይ ይሠራል። ኢንዲያና ዋንጫውን አይደግምም፣ ሜንዶዛ ሄዷል። ከፕሌይኦፍ ግን አይቀርም፤ ሲግኔቲ እዚያው ነውና። ቴክሳስን አምና ስላሳፈረ አትናቁት፤ ማኒንግ አሁን አንድ ዓመት ተመትቶ ተምሯል።

ሴፕቴምበር 12 ኦሃዮ ስቴት ኦስቲን ሄዶ ከቴክሳስ ጋር ይጫወታል። የቴክሳስ የፊት መስመር በመጀመሪያው ሩብ ማኒንግን ከመሬት ካዳነው፣ ግምቴን ጠብቁልኝ ግን ቴክሳስንም ከጎኑ ጻፉ።