«ዲኒያል ኦፍ ሰርቪስ ብቻ ነው» ተብሎ ፓች ይቆይ?

አንድ የኔትወርክ ባለሙያ እዚህ የጠየቀው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ መሥሪያ ቤቱ ኔትወርኩን በሚከታተልበት (ሞኒተሪንግ) ሶፍትዌር ላይ የደኅንነት ማሳሰቢያና ማስተካከያ (ፓች) ወጥቷል። የተበላሸ የኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ መሣሪያዎች ስለ ሁኔታቸው የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ፓኬት ሲደርሰው ሶፍትዌሩ ይወድቃል፤ ዲኒያል ኦፍ ሰርቪስ የሚባለው ይህ አገልግሎት ማቋረጥ ነው። ዳታ አይሰረቅም፣ ሰርቨሩም የውስጥ ኔትወርክ ላይ ነው። አለቃው «ቢወድቅ እናስነሳዋለን፣ ምን ያስቸኩላል?» ብለውታል።

ወንድሜ፣ እኔ ብሆን አልጠብቅም።

ኢሜይል ሲቆም ስልክህ እረፍት አያገኝም። ሞኒተሪንግ ሲቆም ግን ጭጭ ነው። ትራፕን፣ ማለትም መሣሪያዎች ችግር ሲገጥማቸው የሚልኩትን መልእክት፣ ዩዲፒ ፖርት 162 ላይ የሚያዳምጠው ተቀባይ ብዙ ጊዜ ከዳሽቦርዱ የተለየ ፕሮሰስ ነው። እሱ ሞቶም ዳሽቦርዱ ይከፈታል፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ትራፕ የላከው ራውተርም መልእክቱ ይድረስ አይድረስ አያውቅም፤ ደግሞ አይልክም። አላርም ያልመጣው ችግር ስለሌለ ነው ወይስ የሚሰማ ስለጠፋ? ከስክሪኑ መለየት አትችልም።

አንድ የሠራሁበት ቦታ ሌሊት ሊንክ ወርዶ የነገረን ተጠቃሚ ነበር። ሎጉ ሲታይ «ሴግመንቴሽን ፎልት» (ፕሮግራም ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ሲነካ የሚወድቅበት ስህተት) ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ተቀባዩ ይወድቃል፣ ሲስተምዲ (የሊነክስ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ያስነሳዋል፣ ይወድቃል። በነባሪው ሴቲንግ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከተነሣ ሲስተምዲም ይተወዋል፤ የሆነውም ይኸው ነው። «እናስነሳዋለን» የሚለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል።

ታዲያ ያጠቃን ሰው አልነበረም። ያረጀ ዩፒኤስ ነው። የሚልከው ትራፕ ውስጥ ርዝመትን የሚናገረው ባይት ተከትሎት ከሚመጣው ዳታ ጋር አይገጥምም። ተቀባዩ ቁጥሩን አምኖ ከፓኬቱ አልፎ ሜሞሪ ሊያነብ ይሄድና እዚያው ይቀራል። አለቃህ «እኛን ማን ያጠቃናል?» ካሉህ ይህን ንገራቸው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የፊንላንዱ ኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሆን ብለው ያበላሹትን የኤስኤንኤምፒ ፓኬት ሲልኩ የብዙ አምራቾች ዕቃ ተንኮታኩቷል። ከዚያም ወዲህ ኔት-ኤስኤንኤምፒ በሚባለው የኤስኤንኤምፒ ላይብረሪ ላይ ተመሳሳይ ክፍተቶች በየጊዜው ወጥተዋል። በ2007 የተመዘገበው ደግሞ የተበላሸ ፓኬት እንኳ አይፈልግም፤ አንድ ጌትባልክ (ብዙ መረጃ በአንዴ የሚጠይቅ) ጥያቄ ላይ የድግግሞሹን ቁጥር በጣም ማሳደግ ሜሞሪና ሲፒዩ ይጨርሳል።

«ቨርዥን 3 ነው የምንጠቀመው» የሚል የሌላ ሰው መልስም አይቻለሁ፤ የላኪውን ማንነት በፓስወርድ የሚያጣራው የኤስኤንኤምፒ ቨርዥን ማለት ነው። ደግ ነው፣ ግን እዚህ ብዙ አትተማመንበት። ተቀባዩ የላኪውን ማንነት ከማጣራቱ በፊት የፓኬቱን ራስጌ ማንበብ አለበት። ስህተቱ እዚያ ንባብ ላይ ከሆነ ፓስወርዱ ጋ ሳይደርስ ወድቋል።

ፓች ስታደርግ አንድ ነገር ልብ በል። ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች የኤስኤንኤምፒ ላይብረሪውን የራሳቸውን ኮፒ ይዘው ነው የሚመጡት። ሊነክሱን አፕዴት አድርገህ «ጨረስኩ» ብትል የድሮው ኮፒ ሶፍትዌሩ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። እየሠራ ያለው ፕሮሰስ የቱን ላይብረሪ እንደጫነ በ lsof ትእዛዝ እይ።

የሜንቴናንስ ሰዓት እስክታገኝ ፋየርዎሉ ላይ 162ን ለመሣሪያዎችህ ማኔጅመንት አድራሻ ብቻ ክፈት። ዩዲፒ ላይ የላኪን አይፒ ማስመሰል ቀላል ስለሆነ ይህ ብቻውን አይበቃም። የማኔጅመንት ቪላኑን (ለመሣሪያ ማስተዳደሪያ ብቻ የተከለለውን የኔትወርክ ክፍል) ለይ፤ ራውተሮቹም ከማይጠበቅ ኢንተርፌስ የመጣ የላኪ አድራሻን እንዲጥሉ አድርግ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ዛሬውኑ፣ ከሌላ ማሽን በየጥቂት ደቂቃው የሙከራ ትራፕ የሚልክ ክሮን (በሰዓቱ ራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ሥራ። አላርም ሆኖ እስከ መጨረሻው መድረሱን የሚያጣራው ሞኒተሪንግ ሰርቨሩ ራሱ መሆን የለበትም። ሲቀር በኤስኤምኤስ ይንገርህ፤ የኢሜይል ሰርቨሩን የሚከታተለው ያው የወደቀው ሶፍትዌር ሊሆን ይችላል።

ሎጉ ላይ ከወዲሁ የመውደቅ ምልክት ካየህ አይፒዎቹን ሸፍነህ እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።