ቴሲስሽን አትቀይሪው፣ አጥብቢው

ከመሐል ሜዳ መጥታ ደብረ ብርሃን ላይ አፕላይድ ማቲማቲክስ በማስተርስ የምትማር እህታችን ጽፋልኛለች። አማካሪዋ አንድ ርዕስ ሰጥቷታል፦ ውሃና አየር፣ ወይም ዘይትና ውሃ አብረው ሲፈሱ በመሃላቸው ያለውን ተንቀሳቃሽ ድንበር በኮምፒውተር መከታተል። ታላቅ ወንድሟ ግን «ይሄ እንጀራ አይሆንሽም፣ ስታትስቲክስ ያዢ» ይላታል። ያላት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። መብራትም ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ምን ላድርግ ትላለች።

እህቴ፣ በቀጥታ ልንገርሽ። ርዕሱን አትተዪው። ግን እንዳለ ከወሰድሽው ይውጥሻል፣ በጣም ሰፊ ነው።

የወንድምሽ ስጋት መሠረት አለው። «የተንቀሳቃሽ ድንበር ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ እዚህ አገር ጠብቀሽ አታገኚም። ቀጣሪ የሚፈልገው ኮድ የሚጽፍ፣ ከዚያም በላይ ኮምፒውተሩ ያወጣው ውጤት ልክ መሆኑን ማረጋገጥ የሚችል ሰው ነው። ይህን ደግሞ ርዕስሽ አጥብቆ ያስተምራል። ድንበሩን የሚከታተሉት ዘዴዎች ሲሳሳቱ እንኳን ያምራሉና። ስክሪኑ ላይ ቆንጆ ማዕበል ታያለሽ፤ ስትለኪው ግን ውሃው ጎድሏል።

ሦስት ዋና መንገዶች አሉ። ሂርት እና ኒኮልስ እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረቡት ቮልዩም ኦፍ ፍሉይድ ቦታውን በትንንሽ ሴሎች ይከፍላል። የእያንዳንዱ ሴል ምን ያህሉ ውሃ እንደሆነ ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ይይዛል። የውሃውን መጠን ይጠብቃል፣ የድንበሩን ጉብጠት ማስላት ግን ያስቸግራል። ኦሸር እና ሴቲያን በ1988 ያመጡት ሌቭል ሴት ከድንበሩ ያለውን ርቀት ይይዛል፣ በአንድ ወገን ፖዘቲቭ በሌላው ኔጌቲቭ አድርጎ። ዜሮ የሆነበት መስመር ድንበሩ ነው። ጉብጠቱ በቀላሉ ይወጣል፣ መጠኑ ግን እያደር ይሸረፋል። ፍሮንት ትራኪንግ ድንበሩ ላይ ነጥቦች ደርድሮ ያንቀሳቅሳቸዋል። ሁለት ጠብታዎች ሲዋሃዱ ግን ነጥቦቹ እንዴት እንደሚገናኙ አንቺው መጻፍ አለብሽ። ላንቺ እሱን አልመክርም።

እኔ ብሆን ሌቭል ሴትን በሁለት አቅጣጫ ብቻ፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ከባዶ እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ የምትሠሪው የዛሌሳክን ዲስክ ነው፣ ከ1979 ጀምሮ የሚታወቅ ፈተና። ጎኑ 100 የሆነ ሳጥን ውስጥ ሬዲየሱ 15 የሆነ ክብ ሥዪ። ከሥሩ ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 25 የሆነ ስንጥቅ ቁረጪለት። የቀረው ስፋት 582.2 ገደማ ይሆናል። ከዚያ በሳጥኑ መሃል ዙሪያ አንድ ሙሉ ዙር አዙሪው። ሲመለስ እንደነበረው መሆን ነበረበት። አይሆንም። የስንጥቁ ማዕዘኖች ይደነዝዛሉ፣ ስፋቱም ይለወጣል። ስንት እንደተለወጠ መዝግቢ። ሴሎቹን በግማሽ አሳንሰሽ ድገሚ፣ እንደገናም አሳንሺ። ስህተቱ እንዴት እየወረደ እንደሄደ በግራፍ አውጪ። ለፒኤችዲ ውጭ ላሉ ፕሮፌሰሮች ስትጽፊ ይህቺን ግራፍና ኮድሽን አያይዢ። ከሰርተፍኬት ክምር ይልቅ እሷ ትናገርልሻለች።

የላፕቶፑ ነገር ያን ያህል አያሳስብሽ። ድንበሩ በአንድ የጊዜ እርምጃ ከአንድ ሴል በላይ መዝለል የለበትም። ስለዚህ ሴሉን በግማሽ ስታሳንሺ እርምጃውም በግማሽ ይወርዳል። ሥራው በሁለት አቅጣጫ 8 እጥፍ፣ በሦስት አቅጣጫ 16 እጥፍ ይሆናል። ሁለት አቅጣጫ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ለመብራቱ ደግሞ ኮድሽ በየተወሰነ እርምጃ ያለበትን ሁኔታ ፋይል ላይ ያስቀምጥ። መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል።

ይህ ሲሳካልሽ ኦፕንፎም የሚባለውን የፈሳሽ ፍሰት ማስያ ሶፍትዌር ጫኚ። ነፃ ነው። ኢንተርፎም የሚባለው ክፍሉ በቮልዩም ኦፍ ፍሉይድ ይሠራል። የአገር ውስጥ ሥራም በዚህ በኩል ነው ያለው። የግድብ ጎርፍ ማስተንፈሻ ላይ ውሃው ምን ያህል ከፍ እንደሚል በዚህ ዓይነት ሲሙሌሽንም ይሰላል። የዞኑ ውሃ ቢሮ ሄደሽ የአንድ አነስተኛ የመስኖ ግድብ ዲዛይን ጠይቂ። ከሰጡሽ የቴሲስሽ የመጨረሻ ምዕራፍ እሱ ይሁን። የደብረ ብርሃን ቢራ ፋብሪካዎች ጋ ሄደሽ ግን «በጋን ውስጥ ያለውን አረፋ ሁሉ እከታተላለሁ» እንዳትያቸው። አረፋው ስፍር ቁጥር የለውም። እዚያ የሚሠራው በአማካይ የሚያሰላ ሌላ ሞዴል ነው፣ ያንቺ ዘዴ ለጥቂት አረፋዎች ነው።

ወንድምሽንም አትጣዪው። ፓይተኑ ለስታትስቲክስም ይሆንሻል፣ አንድ ኮርስ በጎን ብትወስጂ ጥሩ ነው። አሁን አማካሪሽ ጋ ግቢና ይህን ጠይቂው፦ «ሌቭል ሴትን ብቻ ይዤ፣ በሁለት አቅጣጫ፣ መጠኑ የሚሸረፍበትን ምክንያት ባጠና ለቴሲስ ይበቃል?» እሺ ካለሽ ፕሮፖዛሉን ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።