ሥራ አጥነት ቀነሰ፤ በፖሊሲው ነው ወይስ በራሱ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። አንድ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ወጥቶ በዓመቱ ሥራ አጥነት ቢቀንስ፣ ያወጡት «ይኸው፣ በእኛ ነው» ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ «ባይወጣም ይቀንስ ነበር» ይላሉ። እኔ መሀል ላይ ግራ ገባኝ። ይሄ ነገር መለኪያ አለው ወይስ እንዲያው ክርክር ነው?

መልስ፦ መለኪያስ አለው ወዳጄ። ግን «በፊት እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ሆነ» የሚለውን ብቻውን አትመን። በመሀል ስንት ነገር ይቀያየራል! ማወቅ ያለብን ፖሊሲው ባይወጣ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አላየውም። ስለዚህ ፖሊሲው ያልነካው፣ በሌላው ነገር ግን የሚመሳሰል ቦታ ወይም ሰው ይፈለጋል።

በጣም የሚታወቀውን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1992 የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር አሳደገች። ጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ ግን አልነካችውም። ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር በሁለቱም በኩል 410 የፈጣን ምግብ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትም በኋላም ስንት ሠራተኛ እንዳላቸው ጠየቁ። በሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ሲሰላ (ሁለት የትርፍ ሰዓት ሳይሆን የከፊል ሰዓት ሠራተኞች እንደ አንድ ተቆጥረው)፣ የኒው ጀርሲ አማካይ በአንድ ምግብ ቤት ከ20.44 ወደ 21.03 ሄደ። እሷን ብቻ ካየህ «ኧረ ምንም አልተለወጠም» ብለህ ታልፋለህ። ፔንሲልቬንያ ግን ከ23.33 ወደ 21.17 ወርዳለች። የሁለቱ ለውጥ ሲቀናነስ ኒው ጀርሲ ወደ 2.75 ሠራተኛ ትበልጣለች፤ ያኔ ብዙ ኢኮኖሚስት ደመወዝ ሲጨምር ሠራተኛ ይባረራል ብሎ ይጠብቅ ነበር።

ቆይ፣ አልጨረስኩም። ስሌቱ የሚሠራው ጭማሪው ባይኖር ሁለቱ ጎን ለጎን ይጓዙ ነበር ካልን ነው። ፔንሲልቬንያ የራሷ ችግር ገጥሟት ከሆነስ? ሌሎች ኢኮኖሚስቶች፣ ዴቪድ ኑማርክና ዊልያም ዋሸር፣ ከምግብ ቤቶቹ የደመወዝ መዝገብ ሰብስበው ተቃራኒ ውጤት አገኙ። እነካርድም እ.ኤ.አ. በ2000 በሌላ መረጃ መልስ ሰጡ። ክርክሩ እንዲህ ቢከርም ካርድ እ.ኤ.አ. በ2021 ኖቤል ተሸልሟል።

ከዚህ የሚሻለው ዕጣ ነው። ሜክሲኮ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለሚልኩ ድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ የሚሰጠውን ፕሮግሬሳን ስትጀምር፣ ለጥናቱ ከተመረጡት 506 መንደሮች 320ው በዕጣ ቀድመው ገቡ፣ የቀሩት ጠበቁ። ቀድሞ መግባት በዕድል ብቻ ስለሆነ፣ የሚታየውን ልዩነት በሌላ ነገር ማሳበብ ይከብዳል።

የወለድ ምጣኔን ግን ለግማሽ አገር በዕጣ ማደል አይቻልም። እዚያ ላይ «በእርግጠኝነት በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ የሚምልልህ ካለ ጠርጥር።